የድሮ ክሮኖግራፍ ሰዓት ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረመራል?

ክሮኖግራፍ ሰዓት ከመንገሩ በተጨማሪ ቁልፍ ሲጫኑ የሚነሳ፣ የሚቆምና ወደ ዜሮ የሚመለስ የጊዜ መለኪያ አለው። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሠራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። የቆሸሸ ማሽን ይታጠባል፣ የደከመ ሞላም ይቀየራል። እንደገና የተቀባ ፊት (ቁጥሮቹ ያሉበት ገጽ) እና በሙረዳ ያለቀ ቀፎ (ማሽኑን የሚይዘው የውጭ አካል) ግን ወደ ቀድሞው አይመለሱም። ስለዚህ ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት በዓይን ይጀምሩ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ፣ ጥሩ ብርሃንና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይበቃል።

1. ፊቱን ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። በፋብሪካ የታተመ ፊደል በማጉያ ሲታይ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ውፍረቱም እኩል ነው። እንደገና የተቀባ ፊት ላይ ፊደሎቹ ያብጣሉ፣ ክፍተታቸው ይዛባል፣ የደቂቃ መስመሮቹም አንዱ ረዝሞ አንዱ ያጥራል። ከሁሉ በላይ የሚያጋልጡት ፊቱ ላይ ያሉት ትንንሾቹ የመቁጠሪያ ክቦች ናቸው። በብዙ ሰዓቶች ላይ በክቦቹ ውስጥ እንደ ሸክላ ሙዚቃ ጎድጎድ ያሉ ቀጫጭን ዙሮች አሉ። አዲስ ቀለም ሲቀባ እነዚህ ይሞላሉ፣ ብርሃንም እንደ ቀድሞው አያንጸባርቁም።

ቀጥሎ በጨለማ የሚያበራውን ቀለም ይመልከቱ። ከ6 ቁጥር በታች «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ቀለሙ ትሪቲየም ነው ማለት ነው። የትሪቲየም ኃይል በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የ1960ዎቹ ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ከሆነ ቀለሙ በኋላ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው ሬዲየም ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ብርሃኑ የሚጠፋው አብሮት ያለው አንጸባራቂ ነገር ስለሚበላሽ እንጂ ጨረሩ ስላለቀ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰዓት ከፍተው አይቧጭሩ፤ ብናኙ ሲተነፍሱት ጎጂ ነው።

ፊቱ ላይና ቆጣሪዎቹ (የሚዞሩት እጆች) ላይ ያለው የሚያበራ ቀለም በእርጅና መመሳሰል አለበት። የፊቱ ቡናማ ሆኖ የቆጣሪዎቹ ነጭ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ወገን ተለውጧል። የቆጣሪዎቹ ርዝመትም ይናገራል፦ የመሐሉ የሰከንድ ቆጣሪ ጫፍ እስከ ሰከንድ መስመሮቹ መድረስ አለበት። ካጠረ ከሌላ ሰዓት የመጣ ሊሆን ይችላል።

2. ቀፎውን ይዳስሱ

ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራት ጆሮዎች ያነጻጽሩ። ጠርዛቸው ከተድበለበለ፣ ወይም የማሰሪያው ዘንግ ቀዳዳ ወደ ጠርዝ ተጠግቶ ከታየ፣ ብረቱ በተደጋጋሚ ተሞርዷል። የኋላ ክዳኑ ላይ «ክዳኑ አይዝጌ ብረት ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ቀፎው ክሮም የተለበጠ ናስ ነው፣ ማዕዘኖቹም ላይ ቢጫው ብቅ ብሎ ይገኛል።

3. ቁልፎቹን ይሞክሩ

መጀመሪያ ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ይሙሉት። አብዛኞቹ በላይኛው ቁልፍ ይነሳሉ፣ በዚያው ይቆማሉ፣ በታችኛው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ላንዴሮን 48 የተባለው ማሽን ግን የሚቆመው በታችኛው ነው፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ደህናውን ሰዓት ተበላሽቷል ይላል። ፍላይባክ (እየሄደ እያለ ወደ ዜሮ ተመልሶ ወዲያው እንደገና የሚነሳ ዓይነት) ካልሆነ በስተቀር እየሄደ እያለ ዜሮ መመለሻውን በኃይል አይጫኑ።

• ሲነሳ ቆጣሪው ትንሽ ዘለል ቢል ችግር የለውም፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም የሚፈጠር ነው። እየሄደ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የሚይዘው ቀጭን ሞላ ላልቷል።
• ሁልጊዜ ከዜሮ በአንድ መጠን የሚያልፍ ወይም የሚያጥር ቆጣሪ ተነቅሎ በትክክል ይተከላል፤ ሥራው ቀላል ነው። በየጊዜው የተለያየ ቦታ የሚቆም ከሆነ ግን ወይ ቆጣሪው በዘንጉ ላይ ይንሸራተታል፣ ወይ የመመለሻው ክፍል አልቋል።
• ቢያንስ 31 ደቂቃ ያስኪዱት። የደቂቃ ቆጣሪው በየ60 ሰከንዱ አንድ መስመር ብቻ መሄድ አለበት፤ ሁለት የሚዘል ወይም የሚቀር ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል።
• የሰዓት መቁጠሪያ ክብ ካለው፣ መለኪያው ቆሞ እያለ ያ ቆጣሪ ይንፏቀቅ እንደሆነ ይመልከቱ። እንደ ቫልዡ 72 ባሉ ማሽኖች ላይ በደረቀ ቅባት ምክንያት የተለመደ ነው።
• መለኪያውን ሲያስነሱ ሰዓቱ ራሱ ከቆመ፣ ዘይቱ ደርቋል፣ ዋናው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ጥርሶቹ ከመጠን በላይ ጠልቀው ይገጥማሉ።

4. ክዳኑን ያስከፍቱ

ይህን ሰዓት ሠሪ ያድርገው። ዝገት፣ በመፍቻ የተላጠ የብሎን ራስ፣ በማሽኑና በቀፎው መካከል ያለ ክፍተት ሦስቱም መጥፎ ምልክቶች ናቸው፤ ክፍተቱ በተለይ ማሽኑ ከሌላ ሰዓት መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። የማሽኑ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በባላንሱ (ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዘው መንኮራኩር) አጠገብ ወይም ሥር ታትሞ ይገኛል። ሻጩ «ቫልዡ 72 ነው» ካለ፣ በላዩ ቋሚ ዓምዶች ያሉት ትንሽ መንኮራኩር መታየት አለበት። ከሌለ ሌላ ማሽን ነው።

ታይምግራፈር (የሰዓቱን ምት ሰምቶ የሚለካ መሣሪያ) ካለ መለኪያው ቆሞም እየሄደም ያስለኩ። ሙሉ ተሞልቶ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ የባላንሱ ውዝዋዜ ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያው ሲነሳ 20 ወይም 30 ዲግሪ ቢወርድ የሚጠበቅ ነው። ከ200 በታች ከወረደ ግን የሙሉ እጥበት ዋጋ ከሚከፍሉት ላይ ይቀነስ። ሻጩ ክዳኑን አላስከፍትም ካለ ዋጋውን ፈጽሞ እንዳልታጠበ ሰዓት አድርገው ይገምቱ። ክዳኑ ላይ ያለውን የውሃ መከላከያ ጽሑፍም አይመኑት፤ ጎማዎቹ እንደ ሰዓቱ ያረጁ ሊሆኑ ይችላሉ።