አገልጋይ መሪ ለመሆን ስንጥር የምንሳሳታቸው

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሮበርት ግሪንሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አገልጋይ መሪነት፣ ማለትም ከማዘዝ ይልቅ ማገልገልን ስለሚያስቀድም አመራር፣ ሲጽፍ መለኪያውንም አብሮ አስቀምጧል፦ የሚገለገሉት ሰዎች ያድጋሉ ወይ? ጅማ ውስጥ በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ከመርሳት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የሠራተኛን ሥራ መንጠቅ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከሰቃ ጨቆርሳ መስክ የምትመለስ ባልደረባዬ ሪፖርት ሲዘገይባት እያመሸሁ እጽፍላት ነበር። አንድ ቀን ማስታወሻ ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «እርስዎ ያሳምሩታል» ብላኝ ወጣች። ረዳኋት ያልኳት ልጅ በራሷ መተማመን አቁማለች። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ተቀምጬ እጠይቃታለሁ እንጂ ብዕሩን አልነካም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይሉኝታን እንደ ትሕትና መቁጠር ነው። የውሎ አበል ተቀብሎ መስክ ያልወጣ ሰው «ቤተሰብ አለው፣ አናስቀይመው» ተብሎ ሲታለፍ፣ ማና ወረዳ ድረስ ሞተሩን ጭቃ ውስጥ እየገፋ የሚሄደው ያያል። ምንም አይልም። በሚቀጥለው ወር ግን እሱም ከአስፋልቱ ዳር ይመለሳል። መስክ ያልወጣውን ለብቻ ጠርቶ፣ ክብሩን ሳይነኩ፣ ገንዘቡን እንዲመልስ መንገርም ማገልገል ነው፤ ታታሪውን ማገልገል።

«ለድሆች ነው የምንሠራው» እያሉ ዓመት ፈቃድ መከልከልም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለአስተዳደር ወጪ የ20 በመቶ ጣሪያ አስቀምጧል፤ ሰው አይረፍ ግን አላለም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ቡና ላይ ሰምቶ ቢሮ ሲገቡ መርሳት ነው። ጅማ ላይ ቡና ሲፈላ ሰው ሆዱን ይከፍታል፤ ያለውን ተናግሮ መልስ ካጣ ግን ሁለተኛ አይናገርም። «አይቻልም» እንኳ ከነምክንያቱ ቢነገረው ይሻለዋል። ቋንቋውም ወሳኝ ነው። የበር ጠባቂያችን በአማርኛ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በአፋን ኦሮሞ ስንጠይቃቸው፣ ለእርዳታ የሚመጡ እናቶች ቢሮ እስኪከፈት ሕፃን አዝለው ዝናብ ላይ እንደሚቆሙ ነገሩን። በማግስቱ በሩ በጠዋት ተከፍቶ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። አሁን ስብሰባ ሲጠራ ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።