የቃጃር ዘመን የፋርስ የራስ ቁርና ጋሻ፦ ሲመረመሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ችግር፦ በራስ ቁሩ ላይ የፋርሱ ንጉሥ የሻህ አባስ ስም ወይም የኢስፋሃኑ አንጥረኛ የአሰዱላህ ፊርማ ይነበባል፤ ሻጩም ይህንኑ ይዞ ዕቃው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላል።

ምክንያት፦ ቀዳማዊ ሻህ አባስ እ.ኤ.አ. በ1629 ሞቷል፤ በገበያ ላይ ከሚቀርቡት የተጌጡ የራስ ቁሮች፣ ክብ ጋሻዎችና የክንድ መከላከያዎች አብዛኞቹ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ፋርስን የገዛው የቃጃር ሥርወ መንግሥት ዘመን ሥራዎች ናቸው። ያን ጊዜ ጠመንጃ ጥሩርን ከጦር ሜዳ አስወጥቶት ስለነበር፣ አንጥረኞች በሙሐረም ወር ሺዓ ሙስሊሞች የኢማም ሑሴንን ሞት ለሚያስቡበት የታዕዚያ ትርኢት፣ ለቤት ጌጥና ለአውሮፓውያን ገዢዎች ሲሠሩ የቀደሙትን ታላላቅ ስሞች ይጽፉ ነበር።

መፍትሔ፦ ጽሑፉን ለጊዜው ትተው ብረቱን ይመርምሩ። ከሁሉ በፊት በአጉሊ መነጽር የጌጡን ጠርዝ ይመልከቱ። ጎድጓዳው ክፍል በየቦታው እኩል ጥልቀት ካለው፣ ወለሉ ሻካራ፣ ጠርዙም የተበላ ከመሰለ ጌጡ የወጣው በአሲድ ነው፤ በመሮ የተቀረጸ ከሆነ ግን ጠርዙ ስል ነው፣ ጥልቀቱም እንደ እጁ ምት ይለያያል። ቀጥሎ ከቁሩ ጠርዝ የተንጠለጠለውን የቀለበት መረብ ይዩ። የየቀለበቱ ጫፎች በሪቪት (ተቀጥቅጦ በሚያያዝ ትንሽ ሚስማር) ሳይታሰሩ እንዲያው ከተገጣጠሙ፣ መረቡ ሰይፍ እንዲመክት ታስቦ የተሠራ አይመስልም። ሆኖም በዚህ ምክንያት ብቻ ዕቃውን ሐሰተኛ ማለት ትልቅ በደል ነው፤ የቃጃር ሥራ የራሱ ክብርና ውበት አለውና፣ በስሙ ሊጠራ ይገባል።

ችግር፦ ወርቁ ተልጦ ከሥሩ ጥቃቅን የተጠላለፉ ጭረቶች ይታያሉ።

ምክንያት፦ አንጥረኛው ብረቱን ሆን ብሎ በጭረት አሻክሮ ቀጭን የወርቅ ክር ወይም ቅጠል በላዩ ቀጥቅጦበታል። በኤሌክትሪክ የተለበጠ ወርቅ እንዲህ ያለ ጭረት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ይህ ጉዳት የእጅ ሥራ መሆኑን የሚናገር መልካም ምልክት ነው። እንደገና እንዲለበጥ አያድርጉ።

ችግር፦ ቀይ ዝገት በእጅ ሲነካ ይራገፋል።

ምክንያት፦ እርጥበት፣ ወይም በባዶ እጅ ሲያዝ የቀረ ላብ።

መፍትሔ፦ በብርጭቆ ወረቀትም ሆነ በአሲድ ፈጽሞ አይፈግፍጉት፤ ወርቁና ረቂቁ ቅርጽ ከዝገቱ ጋር ይሄዳሉ። በጓንት ይያዙት፣ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ ዝገቱን የጥንታዊ ብረት ጥበቃ ባለሙያ ካስወገደው በኋላ በስሱ ሰም ይቀባ።