ጅረቱን ሰማያዊ አትቀቡት
የቅጠል መርገፊያ ወራት ደንን በዘይት ቀለም ስትስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥቅምት ማብቂያ ዋሽንግተን ከተማን አቋርጦ በሚወርደው በሮክ ክሪክ ጅረት ዳር ሸራውን የዘረጋ ጀማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰማያዊ ቀለም ነው። ውሃ ሰማያዊ ነው ተብሎ ከልጅነት የተሰማው ነገር እጁን ይመራዋል። ያ ጅረት ግን ሰማያዊ አይደለም! ዛፉ ግራና ቀኝ ስላጠረው ሰማይን የሚያገኘው በስንጥቅ ብቻ ነው። የሚታይበት የግንዱ ጥቁረት፣ የቅጠሉ ቢጫና ከሥሩ ያለው ጠጠር ነው።

እባካችሁ ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ እግራችሁ፣ አንድ ጊዜ ወደ ወዲያኛው ዳር ተመልከቱ። ቁልቁል የምታዩት ውሃ ከብርሃኑ የሚመልሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩና አሸዋው ወለል ብሎ ይታያል። ራቅ ያለው ግን በአግድመት ስለሚታይ መስታወት ይሆናል፤ የማዶውን ዛፍ እንጂ የራሱን ወለል አያሳይም። ሁለቱን በአንድ ቀለም ከቀባችኋቸው ጅረቱ መተኛቱ ይቀርና እንደ ግድግዳ ይቆማል። ለቅርቡ ቡናማውን ሮው አምበርና ትንሽ አፈርማ ቢጫውን የሎው ኦከር በስሱ ቀቡ። ለሩቁ ቀላ ያለ ቡናማውን በርንት ሲየናንና ጥልቅ ሰማያዊውን አልትራማሪንን ቀላቅላችሁ ጥልቅ ጥቁረት አውጡ። ሰማያዊው ቀለም፣ ሰማይ በቅጠል መሃል ሾልኮ ውሃው ላይ ባረፈበት ቦታ ብቻ ይግባ፣ ያውም ከሰማዩ ጠቆር ብሎ።

ነጸብራቅን ከላይ ያለውን ዛፍ ገልብጦ መቅዳትም የተለመደ ጥፋት ነው። ውሃው ዛፉን የሚያየው ከታች ስለሆነ ለእናንተ የማይታየውን የቅርንጫፍ ሆድ ያሳያል፤ ከዳርቻው ገባ ብሎ የቆመውን ግንድ ደግሞ የዳርቻው አፈር ይከልለዋል። ወደ ቀኝ ያዘመመ ግንድ በውሃውም ወደ ቀኝ ያዘማል። ብሩህ የሆነው ትንሽ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ትንሽ ይፈካል። ቀለሙን ከላይ ወደ ታች አውርዱ፤ ከዚያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በአግድም አንዴ ጠረግ አድርጉትና ተዉት። ደጋግማችሁ ከነካካችሁት ጭቃ ይሆናል።

ካድሚየም ኦሬንጅ የሚባለው ደማቅ ብርቱካናማ ከቱቦው እንደወጣ በየዛፉ ላይ አይለጠፍም። ከዚያ ደን ዛፎች ቱሊፕ ፖፕላር ቢጫ ነው፣ ቢች መዳብ ይመስላል፣ ኦክ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ቀዩ ጥቂት ነው። ሁሉም ከጮኸ የሚሰማ አይኖርም። ከኋላ ያለውን ደን ነጭ በተጨመረበት የሲየናና አልትራማሪን ግራጫ ያዙት፣ ንጹሑን ብርቱካናማ ፀሐይ ለመታቻቸው ሦስት አራት ቦታዎች አስቀምጡ። ያኔ ግራጫው ራሱ ያበራላችኋል።

አረፋን በንጹሕ ነጭ አትቀቡ፤ ጥላ ውስጥ ያለ አረፋ ግራጫ ነው።

የተንሳፈፈ ቅጠል ክብ ሆኖ ከተሳለ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጠፍጣፋ ሞላላ አድርጉት፣ ሲርቅ እየቀጠነ ይሂድ። ደግሞም በየቦታው አይበተንም፤ ከድንጋይ ጀርባ ውሃው በሚዞርበት ጸጥታ ይከማቻል።

ፀሐይ አትጠብቅም። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጥላው ቦታ ስለሚቀይር ገና ስትጀምሩ የጥላውን ድንበር በስስ አምበር ያዙት፤ በኋላ ብርሃኑን እያሳደዳችሁ አታርሙት።

ስለ ቀለሙ ንብርብር፦ የመጀመሪያው ቀለም ማቅጠኛ በሆነው በተርፐንታይን ይቅጠን፣ የተልባ ዘይቱ ወደ ላይ እየጨመረ ይሂድ። ታች ዘይት የበዛበት፣ ላይ ዘይት ያነሰበት ከሆነ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ስለሚመጣ ማንም በጊዜው አያስተውለውም።

ብሩሽ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አጨማድዳችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደው ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በተሞላ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።