አበባው ላይ ያረፈው ንብ ነው ወይስ ዝንብ? የጓሮ ነፍሳትንና የዱር አበቦችን መከታተያ

ነፍሳትን ለማየት ጓሮውን ሲዞሩ መዋል አያስፈልግም፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ይበልጣል። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፀሐይ የሚያገኘው መሬት በችካልና በገመድ ከልሉ። ከዚያ አትኮትኩቱት፣ ፀረ ተባይም አትርጩበት። ብቅ ያለውን ሁሉ አረም ነው ብሎ መንቀል የተለመደ ስህተት ነው፤ አገር በቀል አበቦች ገና ቡቃያ ሳሉ ከአረም አይለዩም። እስኪያብቡ ታገሱ። ፎቶ ስታነሱ አበባውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንና ግንዱንም አንሱ፤ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት መብቀላቸው ወይም መፈራረቃቸው፣ ግንዱም ክብ ወይም ባለ አራት ማዕዘን መሆኑ ዝርያውን ለመለየት ይረዳል።

ነፍሳት አበባውን ስንት ጊዜ እንደሚጎበኙ ለመቁጠር ነፋስ የሌለበት ፀሐያማ ረፋድ ምረጡ። ማለዳ ብርዱ ስላልለቀቃቸው ብዙዎቹ አይበሩም። ከአበባው አንድ እርምጃ ያህል ራቁ፤ ጥላችሁ ካረፈበት ይሸሻሉ። ለ2 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። የምትቆጥሩት ነፍሳቱን ሳይሆን ጉብኝቱን ነው፤ ሄዳ የተመለሰችውን ንብ ከአዲስ መጪ መለየት አይቻልምና። ቅጠል ላይ ያረፈ አይቆጠርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫና ጥቁር ያየውን ሁሉ ንብ ይለዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ንብ የሚመስሉ፣ የማይናደፉ የአበባ ዝንቦች ናቸው። ዝንብ 2፣ ንብ 4 ክንፍ እንዳላት እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የንብ የፊትና የኋላ ክንፎች ስትበር ስለሚቆላለፉ ሁለት ብቻ ይመስላሉ። ስለዚህ ከክንፍ አትጀምሩ። አንቴናውን እዩ፦ የንብ ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል፣ የአበባ ዝንብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እምብዛም የማይታይ አጭር ነው። የዝንቡ ዓይኖች ደግሞ ጭንቅላቱን ከሞላ ጎደል ይሸፍኑታል። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዝንብ መሆኑን ይበልጥ ጠርጥሩ። የብዙዎቹ የአበባ ዝንቦች እጮች ክሽክሽ (የእጽዋትን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ስለሚበሉ፣ ክሽክሽ አየሁ ብላችሁ ለመርጨት አትቸኩሉ።

ባዶ አፈር ላይ እርሳስ የሚያህል ቀዳዳ ካገኛችሁ አትድፈኑት፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ የንብ ዝርያዎች መሬት ውስጥ ይራባሉ።

በማስታወሻችሁ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የአበባውን ዓይነትና የጉብኝቱን ብዛት ጻፉ። ምንም ያልመጣበትን ቀንም 0 ብላችሁ መዝግቡ፤ ያለዚያ ማስታወሻው ደህና ደህናውን ቀን ብቻ ይዞ ይቀራል።