የአፍን ክፍሎችና ሥራቸውን በመስታወት ፊት ማጥናት

የአፍን ክፍሎች ለማወቅ ሥዕል ከማጥናት ይልቅ የራስን አፍ መመርመር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሥዕል ስሞቹን ቢያስተምርም ላንቃ ከየት ጀምሮ እንደሚለሰልስ አያስዳስስም። የሚያስፈልጉት መስታወት፣ የስልክ መብራትና በሳሙና በደንብ የታጠበ እጅ ናቸው።

ምርመራውን ከከንፈር ይጀምሩ። የታችኛውን ከንፈር በሁለት ጣት ይዘው ወደ ታች ሲገለብጡት፣ ከመካከሉ ላይ ከንፈሩን ከድዱ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን የሥጋ ክር ያያሉ። ከንፈር ምግብና ምራቅ እንዳይፈስ አፍን ይዘጋል፤ ለንግግርም ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። «በ» ወይም «መ» ለማለት ሁለቱ ከንፈሮች መግጠም ስላለባቸው፣ አፍን ከፍቶ እነዚህን ድምፆች ለማውጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ጉንጭን ብዙዎች እንደ ግድግዳ ብቻ ያዩታል፤ ሆኖም ስናኝክ ወደ ጎን የሸሸውን ምግብ እየገፋ ወደ ጥርሶቹ የሚመልሰው የጉንጭ ጡንቻ ነው።

ጥርስን ለመቁጠር ከፊት መካከል ተነሥተው ወደ አንድ ጎን መሄድ ይቀላል። በመጀመሪያ ምግብ የሚቆርጡ 2 የፊት ጥርሶች፣ ቀጥሎ የሚዘነጥል 1 ክራንቻ፣ ከዚያ 2 አነስተኛ መንጋጋዎች፣ በመጨረሻም የሚፈጩ 3 ትልልቅ መንጋጋዎች ይገኛሉ። ይህ 8 በአራቱም ማዕዘን ሲደጋገም የአዋቂ ሰው 32 ጥርሶች ይሞላሉ፤ የሕፃናት የወተት ጥርሶች ግን 20 ናቸው። ቆጥረው 28 ብቻ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ የመጨረሻዎቹ 4 መንጋጋዎች ዘግይተው የሚበቅሉ ስለሆኑ በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይወጡም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ነገር ግን ሕያው ሕዋስ ስለሌለው ከተቦረቦረ በኋላ እንደ ቆዳ መልሶ አያድግም። በጥርሱ እምብርት ነርቭና የደም ሥር አለ፤ የጥርስ ሕመም እንቅልፍ የሚነሣውም በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ምላስዎን ወደ ውጭ ያውጡ። ገጹን እንደ ምንጣፍ ያሻከሩት ጥቃቅን ጉብታዎች አብዛኞቹ ምግብን ቆንጥጠው ለመያዝ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ተበታትነው የሚታዩት ቀያይ ነጥቦች ግን ጣዕም መለያዎችን የያዙ ናቸው። ከሥሩ አጠገብ ደግሞ ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ ጉብታዎች በማዕዘን ቅርጽ ተሰልፈዋል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው ዕባጭ መስለውኝ ነበር፤ ተፈጥሯዊ ናቸው። ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ መራራ በሥሩ ብቻ ይለያል የሚለው የቆየ ትምህርት ስህተት ነው፤ ጣዕም መለያዎች ያሉበት የምላስ ክፍል ሁሉ ሁሉንም ጣዕም ይለያል። በምላስ፣ በከንፈር ወይም በጉንጭ ላይ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካዩ ግን ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

የምላስዎን ጫፍ ወደ ላንቃ ቢያነሡ ከሥሩ ሰማያዊ የደም ሥሮችና ምራቅ የሚፈልቅባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፦ ከምላስ ሥር፣ ከታችኛው መንጋጋ ሥርና ከጆሮ ፊት ለፊት። ጆሮ ደግፍ የሚባለው በሽታ የሚያሳብጠው የመጨረሻውን ዕጢ ነው። ምራቅ ምግብን ከማርጠብ አልፎ ማዋሃድ ይጀምራል፤ ይህን ለማየት ጣፋጭ ያልገባበት ዳቦ በአፍዎ ይዘው ሳይውጡ ለረጅም ጊዜ ያኝኩ፤ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ስለሚጀምር ቀስ በቀስ ይጣፍጣል።

ላንቃን በምላስዎ ጫፍ ከፊት ጥርሶች ጀርባ አንሥተው ወደ ኋላ ይዳስሱት። ፊተኛው አጥንት ያለው ጠንካራ ክፍል ነው፤ ከኋላ አጥንቱ አልቆ ለስላሳው ይጀምራል፤ በጫፉም እንጥል ተንጠልጥሏል። በጣት ርቆ መሄድ ግን ማስመለስን ስለሚያመጣ አይመከርም። «አ» እያሉ በመስታወት ሲመለከቱ ለስላሳው ላንቃ ከእንጥል ጋር ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ከአፍንጫ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ እየዘጋ ነው። ውኃ እየጠጣን ድንገት ስንስቅ በአፍንጫ የሚወጣብን ይህ በር በሰዓቱ ሳይዘጋ ሲቀር ነው።

በመጨረሻ ጣትዎን በማንቁርትዎ ላይ አድርገው ምራቅዎን ይዋጡ። ምላስ ወደ ላንቃ ተጭኖ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ማንቁርት ከጣትዎ ሥር ሽቅብ ይወጣል፤ እንደ ክዳን ያለች ልም አጥንትም በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ትደፋለች፤ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ አፍዎን በሰፊው ከፍተው፣ ከንፈርዎንም ሆነ ጥርስዎን ሳያገጥሙ፣ ደግመው ለመዋጥ ይሞክሩ፤ ምላስ የሚደገፍበት ሲያጣ ምን ያህል እንደሚቸገር ወዲያውኑ ይሰማዎታል።