ማቻ እንዴት ይመታል? ከኡጂ ዎርክሾፕ እስከ ቤታችን ኩሽና

መጀመሪያ የመታሁት ማቻ፣ የጃፓኖቹ የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት፣ አሳፋሪ ነበር። አረንጓዴው ውሃ ላይ ምስር የሚያካክሉ ጓሎች ይንሳፈፋሉ፣ አረፋ የሚባል ነገር የለም። አስተማሪያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ። ሳህኔን አየት አደረጉና ምንም ሳይሉ ትንሽዬ ወንፊት አቀበሉኝ። እኔ ልቤን ሁሉ የጣልኩት አመታቱ ላይ ነበር። ለካ ማቻ የሚበላሸው ገና ሳይመታ ነው።

ይህ የሆነው ኡጂ ነው፣ ከኪዮቶ በስተደቡብ ባለችው የሻይ ከተማ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ስንት ቆርቆሮ ዱቄት እንደጨረስኩ አልቆጠርኩም። ጃፓን የምትሄዱ ካላችሁ ዎርክሾፑን እንዴት እንደምትመርጡና እዚያ ምን እንደሚጠብቃችሁ፣ የማትሄዱ ደግሞ ቤታችሁ እንዴት እንደምትመቱት ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ስለ ኪንትሱጊም ትንሽ አለኝ፤ የተሰበረ ሸክላ በወርቅ የሚጠገንበት ጥበብ ነው።

ቦታ መምረጥ

ኪዮቶ መሃል ከተማ የሻይ ዎርክሾፕ ሞልቷል። ኪሞኖ አልብሶ፣ ፎቶ አስነስቶ፣ በአርባ አምስት ደቂቃ የሚያሰናብትም አለ። ለፎቶ ከሆነ ምንም አይልም። እጃችሁ አንድ ሙያ ይዞ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ግን ወደ ኡጂ ውረዱ። ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚገባው? ሰው ከበዛ ተመልካች ሆናችሁ ነው የምትመለሱት። እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይመታል ወይስ አስተማሪው ሲመታ ያያል? ወንበርስ አለ?

የወንበሩን ጥያቄ አትናቁት። ታታሚ በሚባለው ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ እነሱ ሴይዛ የሚሉት፣ ላልለመደው ከባድ ነው። እኔ አሥራ አምስት ደቂቃ ቻልኩት፤ ልነሳ ስል እግሬ የኔ አልነበረም፣ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ወንበር መጠየቅ ነውር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1872 ኪዮቶ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ ኡራሰንኬ የሚባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት 11ኛው መሪ ለውጭ አገር እንግዶች ብለው በጠረጴዛና በወንበር የሚካሄድ ሥርዓት አውጥተዋል። ከ150 ዓመት በፊት የተፈቀደ ነገር ነው።

ጉዟችሁ በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ ላይ ከዋለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የመጀመሪያው ለቀማ የሚጀመረው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ቅጠል የሚያስለቅሙ ዎርክሾፖችም ታገኛላችሁ።

ከመግባታችሁ በፊት

ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ የሻይ ሳህኑን ይቧጭራሉ። አንዳንዱ ሳህን ከአያት የወረደ ነው። ሽቶ አትቀቡ፣ የሻዩን ሽታ ይሸፍነዋል። ንጹሕ ካልሲ አድርጉ፣ ቀዳዳ የሌለው። ሳቅ እንዳትሉ፣ ጫማ በር ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ የሚታየው ካልሲያችሁ ነው።

እውነተኛ የሻይ ጎጆ ውስጥ ከሆነ የሚደረገው፣ በሩን አይታችሁ አትደንግጡ። ቁመቱ ሰባ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በጉልበት ነው የሚገባው። ይህን በር ከሻይ ሥርዓቱ ጋር ያስለመደው ሴን ኖ ሪክዩ እንደሆነ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1591 የኖረ የሻይ ሊቅ ነው። ሳሙራዩም ጎራዴውን ውጭ ትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚገባው።

ወፍጮው

ጥሩ ዎርክሾፕ ከድንጋይ ወፍጮ ይጀምራል። ትንሽ ቅጠል ይሰጧችኋል፣ ቴንቻ ይባላል። ማቻ ማለት ይኸው ቅጠል ሲፈጭ ነው። ተክሉ ከመለቀሙ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ጥላ ይሠራለታል። ፀሐይ ሲቀንስበት ቅጠሉ ይበልጥ ይጠቁራል፣ መራራነቱም ይለዝባል። ከተለቀመ በኋላ በእንፋሎት ይመታል፣ ሳይጠቀለል ይደርቃል፣ ግንዱና ጅማቱ ይወጣለታል።

ወፍጮው እንደ እኛ ወፍጮና መጅ ወደፊትና ወደኋላ አይገፋም። ሁለት ክብ ድንጋይ ተደራርቦ ከላይ እጀታ አለው፣ የሚዞረውም ወደ ግራ ነው። እዚህ ጋ ሁሉም የሚሳሳተው መፍጠን ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ ሻዩም ይሞቃል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ዱቄቱም ይሻክራል። አንድ ዙር በሦስት ወይም በአራት ሰኮንድ፣ እንዲያ ነው። አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው አርባ ግራም ገደማ ነው። ክንዴ እስኪዝል አዙሬ አንድ ሳህን የሚሆን አልሞላልኝም፤ ከዚያ በኋላ የማቻ ዋጋ ውድ ነው ብዬ አላማረርኩም። ዱቄቱን በጣታችሁ መሃል እሹት። የዓይን ኩል ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ጣፋጩ

እኛ የቡና ቁርሱን ከቡናው ጋር ነው የምንቆረጥመው። እዚያ ግን ጣፋጩ ተበልቶ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሻዩ የሚመጣው። አፋችሁ ውስጥ የቀረው ስኳር መራራውን ይቀበለዋል። ጣፋጩ ዋጋሺ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀይ ባቄላ፣ ከስኳርና ከሩዝ ዱቄት ነው የሚሠራው። ቅቤ፣ ወተት አይገባበትም፤ ለጾመኛ ብዙውን ጊዜ ይሆናል። አንዳንዱ ግን እንቁላል ስላለበት ጠይቃችሁ ብሉ።

አሁን እንምታ

ከዚህ በኋላ ያለው እዚያም ሆነ ቤታችሁ አንድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቻዋን፣ እጀታ የሌለው ሰፊ የሸክላ ሳህን ማለት ነው፤ ከቀርከሃ የተሠራ መምቻ፣ ቻሴን የሚሉት፤ ወንፊትና ሙቅ ውሃ። ቻሴን አንዷ ቀርከሃ ተሰንጥቃ ተሰንጥቃ ሰማንያ፣ መቶ ቀጫጭን ጥርስ የምታወጣበት ዕቃ ነው፤ ናራ አውራጃ ውስጥ ታካያማ የምትባል መንደር ለዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ቻዋን ከሌላችሁ አፉ ሰፋ ያለ፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል።

አንደኛ፣ ሳህኑ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጉና ቻሴኑን ጫፉን ንከሩት። ደረቅ ቀርከሃ ይሰበራል። ግማሽ ደቂቃ ቢቀመጥ ጥርሶቹ ይለሰልሳሉ፣ ሳህኑም በዚያው ይሞቃል።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ድፉና ሳህኑን በደንብ አድርቁት። በደንብ ስላችሁ የምሬን ነው። ጠብታ ከቀረች ዱቄቱ እዚያች ላይ ይጣበቅና ጓል ይሆናል፣ ከዚያ ብትመቱ ብትመቱ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ግራም ማቻ በወንፊት ንፉ። በእነሱ የቀርከሃ ማንኪያ ሁለት ጊዜ ጠለቅ ማድረግ፣ በእኛ የሻይ ማንኪያ አንድ፣ ግን ያልተቆለለ። እኔን ያዋረደኝ ይቺ ደረጃ ናት። ማቻ በጣም ስለላመ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሳይነፋ ከገባ ውሃው ውስጥም እንደተያያዘ ይቀራል።

አራተኛ፣ ውሃ። ሰባ ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይርቅም፤ ሙቀቱ ሰማንያ ዲግሪ አካባቢ። የፈላ ውሃ ከጨመራችሁበት መራራ ይሆናል። መለኪያ ከሌላችሁ ውሃውን ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ አንድ ጊዜ ገልብጡት፣ በእያንዳንዱ ግልበጣ አሥር ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ጃፓኖቹ ሁለት ጊዜ ነው የሚገለብጡት። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ይበቃል፣ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን እስካውቅ ድረስ ቤቴ የምመታው ማቻ ለብ ያለ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ከረመ።

አምስተኛ፣ መምታት። በግራ እጃችሁ ሳህኑን ያዙ፣ በቀኝ ቻሴኑን ከላይ በሦስት ጣት። አብሽ መትታችሁ የምታውቁ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ እዚያም እዚህም ነገሩ አየር ማስገባት ነው። ልዩነቱ፣ ማቻ በክብ አይዞርም። ሻይ እንደማማሰል ካዞራችሁት አረፋ አይወጣውም። ወደፊትና ወደኋላ፣ በፍጥነት፣ ክንዳችሁ ሳይሆን አንጓችሁ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚመታው። ጫፉ የሳህኑን ወለል ነካ ብቻ ያድርግ፣ አትጫኑት። መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላችሁ ከሥር ያለውን ዱቄት አስነሱ፣ ከዚያ ፍጠኑ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰኮንድ። ድምፁ ይቀየራል፤ መጀመሪያ ውሃ ውሃ የሚል ነበር፣ አሁን ለስለስ ይላል። ያኔ ቻሴኑን ከፍ አድርጋችሁ ላይ ላዩን ብቻ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፣ ትልልቆቹ አረፋዎች ይፈነዳሉ። በመጨረሻ አንዴ ዞር አድርጋችሁ ከመሃል አውጡት። መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀራል።

ምን ያህል አረፋ? እሱ በሻይ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ኡራሰንኬዎች ሙሉውን በአረፋ ይሸፍኑታል። ኦሞቴሰንኬ የሚባለው ሌላው ትምህርት ቤት ሰዎች ደግሞ አረፋ ያልነካው ክፍት ቦታ ይተዋሉ። እኔ የተማርኩት በመጀመሪያው ነው፣ ለጀማሪም እሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አረፋው መራራውን ያለሰልሰዋል። ኮይቻ የሚባል ወፍራም ዓይነትም አለ፣ እጥፍ ዱቄት በግማሽ ውሃ ተለውሶ የሚሠራ። እሱን ለጊዜው ተዉት።

አጠጣጡ

ሳህኑ ሲቀርብላችሁ ፊቱ፣ ማለትም ያማረው ጎኑ፣ ወደ እናንተ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። አጠገባችሁ ላለው እንግዳ «ኦሳኪ ኒ» በሉ፣ «ቀደም ልበል» እንደማለት ነው። ሳህኑን በግራ መዳፍ ላይ አስቀምጣችሁ በቀኝ እጅ ሁለቴ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ከንፈራችሁ ያማረውን ጎን እንዳይነካ። ሦስት አራት ጊዜ ፉት ብላችሁ ጨርሱት። የመጨረሻዋን ድምፅ አሰምታችሁ ሳቧት፤ እናቴ ብትሰማ በጥፊ ነበር፣ እዚያ ግን «ጨረስኩ» ማለት ነው። የጠጣችሁበትን ጠርዝ በጣት ጠረግ አድርጉና ሳህኑን ወደነበረበት መልሱት።

አስተካክላችሁ ባታደርጉትም ማንም አይቆጣም። አስተማሪዋን ስለ ሳህኑ ብትጠይቋቸው ግን ፊታቸው ይበራል፤ የት ተሠራ፣ የማን እጅ ነው፣ የዚህ ወቅት ሳህን ለምን ሰፋ አለ። በበጋ ሰፊና ዝቅ ያለ ሳህን ነው የሚቀርበው ሻዩ ቶሎ እንዲበርድ፣ በክረምት ደግሞ ጥልቅ።

ቤት ስትገቡ

ማቻ ብርሃን፣ አየርና ሙቀት ጠላቱ ነው። በቆርቆሮው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት፤ ክፍሉን እስኪላመድ ጠብቁ፣ አለዚያ እርጥበት ይስባል። ከተከፈተ በአንድ ወር ገደማ ጨርሱት። ስለዚህ ትንሿን ቆርቆሮ ግዙ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ፈላጊው ስለበዛ አንዳንድ የኪዮቶ ነጋዴዎች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን መጠን ወስነዋል፣ ባዶ መደርደሪያ ብታዩ አይግረማችሁ።

ቻሴኑን በሳሙና አትጠቡ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንደምትመቱ አድርጋችሁ አለቅልቁትና አየር ላይ አድርቁት። እርጥቡን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ሻጋታ ያገኛል። አንዱን እንዲያ ጥያለሁ። ቻሴን ጨርሶ ከሌላችሁ የተነፋውን ዱቄትና ውሃውን ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ናጡት። ለዓይን አያምርም፣ ይጠጣል ግን።

ኪንትሱጊ

ኪዮቶ ውስጥ ሰው የሚመዘገብበት ሌላው ዎርክሾፕ ይሄኛው ነው። የሁለት ሰዓት ዎርክሾፕ ከሆነ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ የምንጠቀመው ኡሩሺ የሚባለውን እውነተኛ የዛፍ ፈሳሽ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ሙጫ? በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ መልሱ ሙጫ ነው፣ ወርቅ የሚመስለውም ብዙውን ጊዜ የነሐስ ዱቄት ነው። ለጌጥ ይሆናል። ሻይ አትጠጡበት።

እውነተኛው ሳምንታት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ኡሩሺ የዛፍ ደም ነው፣ ቆዳ ላይ ካረፈ በኃይል ያሳክካል፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግድ ነው። መጀመሪያ የስንዴ ዱቄት በውሃ ይለወስና ከኡሩሺ ጋር እንደ ማስቲካ እስኪለጠጥ ይታሻል። ይህ ነው ማጣበቂያው። ስብርባሪው ጫፍ ጫፉ በስሱ ተቀብቶ ይገጠማል፣ በፕላስተር ይታሰራል። ሲደርቅ የተረፈው ተፍቆ፣ የጎደለው ጥግ በኡሩሺና በሸክላ ዱቄት ተሞልቶ፣ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ይሄድበታል። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ስንጥቁን ተከትሎ ቀይ ኡሩሺ ይሰመራል። ወርቁ የሚነሰነሰው መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፤ ቀድሞ ከሆነ ይሰምጣል፣ ዘግይቶ ከሆነ አይዝም። የማምንበት ሰው የሰጠኝ ምክር በመስመሩ ላይ እፍ ማለት ነው፤ ትንፋሻችሁ ለአፍታ ጉም ጥሎ ከጠፋ ጊዜው ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ያሳስታል። ኡሩሺ እንደ ቀለም ፀሐይ ላይ አይደርቅም፣ የሚጠነክረው እርጥበት ውስጥ ነው። ሰባ፣ ሰማንያ በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዲግሪ ሙቀት ጋር። እነሱ ለዚህ የእንጨት ሣጥን አላቸው። የኔ የጫማ ካርቶን ነው፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ተነጥፎ። ውስጡ አንዲት ሲኒ አለች፣ ጠርዟ ላይ የተሰበረች፣ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ፎጣውን አርሳለሁ፣ ክዳኑን እመልሳለሁ።