ባሕር ውስጥ የሚጣበቁ ፍጥረታት ሲሰፍሩ እንዴት ማየት ይቻላል?

ባሕር ላይ የከረመ ጀልባ ሆዱ ጸጉር አብቅሎ፣ ቅርፊት ለብሶ ይወጣል። ያ ሁሉ እንዴት እንደተጣበቀ ለማየት ጠላቂ መሆን አያስፈልግም። የፕላስቲክ ቁራጭና ገመድ ይበቃል።

መዳፍ የሚያህል ጠቆር ያለ ፒቪሲ (ቧንቧ የሚሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ) ፈልጉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጉት፤ ብዙዎቹ እጮች፣ ማለትም የሚጣበቁት ፍጥረታት ገና ሳይሰፍሩ የሚዋኙ ልጆቻቸው፣ ሻከር ያለ ቦታ ይወዳሉ። አራቱን ማዕዘን ብሱና በናይለን ገመድ እሰሩት። በመዳብ ሽቦ እንዳታስሩ! መዳብ ይመርዛቸዋል፤ የመርከብ ቀለም ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው።

ከተንሳፋፊ የጀልባ ማቆሚያ ሥር፣ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ በአግድም አንጠልጥሉት። ከቆመ ምሰሶ ላይ ከታሰረ ባሕሩ ሲጎድል አየር ላይ ሊቀር ይችላል። የምትከታተሉት የታችኛውን ፊት ነው። ላይኛውን ደለልና አልጌ ይሞላዋል።

አሁን እኔን ያሞኘኝ ነገር። ፕላስቲኩ ውሃ በነካ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲንና መሰል ነገሮች በማይታይ ስስ ሽፋን ያለብሱታል። በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፤ ዳያተም የሚባሉ ደቃቅ አልጌዎች ይከተላሉ። በሳምንቱ ስታወጡት ሙልጭልጭ የሚል ልጋግ ታገኛላችሁ። አትንኩት! እኔ "ቆሽሿል" ብዬ፣ ፎቶው እንዲያምር በቧንቧ ውሃ አጥቤ በጨርቅ ወለወልኩት። በየሳምንቱ። ወር ሙሉ ምንም ሳይበቅል ባሕሩን ስወቅስ ከረምኩ። ለካ ጠራጊው እኔው ነኝ።

ልጋጉ ለብዙ እጮች "እዚህ መኖር ይቻላል" የሚል ምልክት ነው። ባርናክል ጀልባና ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ፣ ቅርፊት የለበሰ ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። የባርናክል እጭ ለመስፈር ስትደርስ መብላት ታቆማለች፤ ሥራዋ ቦታ መምረጥ ብቻ ነው። በሁለት አንቴናዎቿ እየረገጠች ወለሉን ትመረምራለች። ካልተመቻት ተነስታ ትዋኛለች። የረገጠችበት ላይ የሚቀረው የፕሮቲን አሻራ ደግሞ ሌሎች እጮችን ይጠራል፤ ባርናክል ተደራርቦ የሚበቅለው አንድም በዚህ ነው። ቦታው ከጣማት በጭንቅላቷ ተደፍታ በሙጫ ትጣበቃለች። ከዚያ ወዲያ መነሳት የለም፤ ቅርፊት ሠርታ ቀሪ ዕድሜዋን በእግሯ እየጎረሰች ትኖራለች።

ለፎቶ፣ የባሕር ውሃ በሞላው ሳህን ውስጥ አጥልቁት፤ ብርሃኑ ከጎን ይሁን። ስልክና አጉሊ መነጽር ካላችሁ ውድ ካሜራ ትርፍ ነው። እንዳነሳችሁ ወዲያው ወደ ባሕሩ መልሱት።

አንዱን ማዕዘን ቆረጥ አድርጋችሁ ምልክት ማበጀት አትርሱ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ (የባርናክል እጭ ልትሆን ትችላለች) ካያችሁ ከማዕዘኑ ርቀቷን ለኩ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ቀለበት ሠርታ ካገኛችኋት ሰፍራለች።